ጅራታም ኮከብ በድስት

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ባለፈው ክረምት እኛ አራት ጓደኛሞች እዚሁ ሐዋሳ፣ ዓሣ ጠብሰው ከሚሸጡ አንዲት እናት በተዋስነው ድስት፣ የጅራታም ኮከብ ብናኝ ለማጥመድ ተነሣን። ሳቃችሁን ጨርሱና እንቀጥል። ሠፈሩም እንዲሁ ነው የሳቀብን። «ዓሣ ማጥመድ አቅቷችሁ ኮከብ ልታጠምዱ ነው?» ያለን የባጃጅ ሾፌር እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኘን «ስንት ኪሎ አወጣችሁ?» እያለ ይጠይቀናል። መልሱን ዛሬ እንሰጠዋለን፤ ምንም አላወጣንም። ወሬው ግን ምንም አለማውጣታችንን እንዴት እንዳወቅን ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ከአራታችን አንዱ ፊዚክስ ያስተምራል። የቀረነው የተማርነውና የምንሠራው የማይገናኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሀገር የምናስተካክል ዓይነት ሰዎች ነን። (ታውቁናላችሁ።) ክረምቱ ሲገባ የሠፈራችንን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሰብስበን በነፃ ማስጠናት ጀመርን። አሥራ አራት ልጆች፣ አንድ ግቢ፣ አንድ የተሰነጠቀ ሰሌዳ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እናንተ ቤተ ሙከራ ገብታችሁ ታውቃላችሁ?» ብላ ጠየቀችን።

እርስ በርስ ተያየን።

እንግዲህ መናዘዝ ካለብን እዚህ ላይ ነው። እኛ የተማርንበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ነበረው። በር ነበረው፣ ቁልፍም ነበረው። ቁልፉ ግን ሁልጊዜ «ዛሬ አልገባም» የሚባል ሰውዬ ጋር ነበር። በመስኮቱ ስንጥቅ አሾልቀን ስናይ ማይክሮስኮፖቹ ከነካርቶናቸው ተደርድረው ይታዩናል፤ እንዳይሰበሩ ነዋ! እኛ ደግሞ ቢከሩን ሰሌዳ ላይ፣ ቢከሩን ደብተር ላይ እየሳልን አለፍን። የፔንዱለም ሙከራ ሪፖርት አምጡ ስንባል ገመድ ላይ ድንጋይ ያንጠለጠለ አንድም ሰው አልነበረም። መልሱ 9.8 እንደሆነ እናውቃለና! ከ9.8 ተነሥተን ወደ ኋላ እያሰላን ሠንጠረዡን ሞላነው። እውነት እንዲመስል ትንሽ ስሕተት ጣል አደረግንበትና 9.76 ብለን ጻፍን። ከአሥር አሥር አገኘን።

በአማርኛ «ሲሙሌሽን» ለሚባለው ነገር የተገኘለት ቃል «ማስመሰል» ነው። እኛ ደግሞ ማስመሰልን የምናውቀው በመጥፎ ጎኑ ነው። አስመሳይ ማለት ስድብ ነው። ስለዚህ ፊዚክስ አስተማሪው ጓደኛችን «ለልጆቹ የጅራታም ኮከብ ብናኝ አሰባሰብን በማስመሰል እናሳያቸው» ሲል መጀመሪያ የተሰማን «ኧረ ተው! ስናስመስል አይደል ያደግነው?» የሚል ነው። በኋላ ነው ሁለት ዓይነት ማስመሰል እንዳለ የገባን።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በ45 ሰከንድ

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ እንንገራችሁ። ጅራታም ኮከብ (ኮሜት የሚባለው) ኮከብ አይደለም። አያቶቻችን ሲያዩት ወይ ንጉሥ ሊሞት ነው ወይ ጦር ሊመጣ ነው ይሉ ነበር። በሥራው ግን ከበረዶ፣ ከድንጋይና ከአቧራ የተጋገረ ክምር ነው። ወደ ፀሐይ ሲጠጋ በረዶው ወደ ጋዝነት ይለወጥና ብናኙን ይዞት ይወጣል፤ ጅራት የምንለው ይህንኑ ነው። ሳይንቲስቶቹን የሚያጓጓቸው ዕድሜው ነው። የዛሬ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ፀሐይና ፕላኔቶች ሲሠሩ የተረፈ ፍርፋሪ፣ በጠፈር ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይበላሽ የቆየ ማለት ነው። ምድራችን ከምን እንደተጋገረች ማወቅ የፈለገ ሰው ሊጡን ማየት አለበት። ጅራታም ኮከብ ያ ሊጥ ነው።

ናሳ እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 1999 (በኛ ጥር 30 ቀን 1991) ስታርደስት የምትባል መንኮራኩር ላከ። ስሟ የከዋክብት ብናኝ ማለት ነው። አምስት ዓመት ልትሞላ አንድ ወር ሲቀራት፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2004፣ ማለትም ታኅሣሥ 23 ቀን 1996፣ ቪልት 2 በሚባል ጅራታም ኮከብ አጠገብ አለፈች። ርቀቱ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከዚህ አዲስ አበባ ካለው የመኪና መንገድ ያነሰ። የቴኒስ መምቻ የመሰለ ሰፌድ ዘርግታ የሚበተነውን ብናኝ ተቀበለች። ከዚያ ሰፌዱን አጥፋ፣ ካፕሱል ውስጥ ከታ ጉዞ ወደ ቤት። ካፕሱሉ ዩታ በረሃ ላይ በፓራሹት ያረፈው እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2006 ነው። በኛ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1998 መሆኑ ነው፤ እሑድ ቀን፣ የሥላሴ ዕለት፣ ጥምቀት ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ። እኛ ያኔ ገና ፊደል የምንቆጥር ነበርን። ምሳ በልተን ኳስ ስንራገጥ፣ ከሰማይ አንድ ሚሊግራም የማይሞላ አቧራ መሬት ወረደ ማለት ነው። በሰባት ዓመት 4.6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዞ የተገኘው ይኸው ነው። ከጨው ቁንጥር ያነሰ።

አሁን ችግሩን አስቡት። ብናኙ ሰፌዱን የሚመታው በሰከንድ 6.1 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። በዚህ ፍጥነት ከሐዋሳ አዲስ አበባ 45 ሰከንድ ነው የሚፈጀው። (ሞጆ ላይ ቁርስ የለም።) ከጥይት ስድስት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። በዚህ ፍጥነት የሚመጣ ቅንጣት ጠንካራ ነገር ካገኘው እሱም ተቃጥሎ ይተናል፣ ያገኘውንም ይበሳል። ስለዚህ ቀስ አድርጎ የሚቀበለው ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ የተመረጠው ኤሮጄል ነው። ተረከዛችንን የምንፈገፍግበትን፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ድንጋይ ታውቁታላችሁ። ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ነው የሚቀለው። ኤሮጄል በዚህ መንገድ እስከ ጥግ የሄደ ነው። መስተዋት ከሚሠራበት ከሲሊካ ይሠራል፤ 99.8 በመቶው ግን ባዶ ነው። ቅጽል ስሙ «የረጋ ጭስ» ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ሳሙኤል ኪስትለር ይባላል። ስታርደስት ላይ በ132 ቁራጭ ተደርድሮ ነበር።

ጠመንጃው

እስካሁን ያለው ጋዜጣ ላይም ወጥቶ ነበር። እኛን የያዘን ግን ጋዜጣ የማይጽፈው ክፍል ነው። እነዚህ ሰዎች የኮከቡን ብናኝ ከመንካታቸው በፊትም በኋላም ለዓመታት ሲያስመስሉ ነው የኖሩት። በአሜሪካም፣ በእንግሊዝ ካንተርበሪ ከተማ በሚገኘው በኬንት ዩኒቨርሲቲም ባለ ሁለት ደረጃ የጋዝ ጠመንጃ የሚባል መሣሪያ አለ። መጀመሪያ ባሩድ ይፈነዳና ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ እንደ ሃይድሮጅን ያለ ቀላል ጋዝ ይጨምቃል። የተጨመቀው ጋዝ ደግሞ ጥቃቅን ቅንጣቶችን በሰከንድ ብዙ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያስወነጭፋል። በዚህ ጠመንጃ የመስተዋት ፍሬ፣ የተፈጨ ማዕድን፣ ምኑንም ምኑንም ኤሮጄልና አሉሚኒየም ላይ ተኮሱ። ምን እንደተኮሱ ያውቃሉ፤ መጠኑንም ፍጥነቱንም ያውቃሉ። ከዚያ የሠራውን ጉድጓድ አዩ። ጠጣር ቅንጣት ኤሮጄል ውስጥ ሲገባ ካሮት የመሰለ ቀጭን ቦይ ይቀድና ጫፉ ላይ ይቀመጣል። በቀላሉ የሚፈርስ ጭብጥ አፈር ከሆነ ገና ሲገባ ይበታተንና ሆዱ የተነፋ ጉድጓድ ይሠራል፤ እኛ ብንሆን ቀይ ሥር ብለን ነበር የምንጠራው። እንግዲህ እውነተኛው የኮከብ ብናኝ ሲመጣ ካሮቱን ከቀይ ሥሩ መለየት ቻሉ፤ ሲያስመስሉ አይተውታላ!

ማስመሰሉ ሁለት ዓይነት ነው ያልናችሁ ይህ ነው። እኛ ፔንዱለሙን ያስመሰልነው ላለማወቅ ነው። እነሱ የሚያስመስሉት የማያውቁትን ለማንበብ የሚያውቁትን በመተኮስ ነው። የመጀመሪያው ድካም ያስቀራል፤ ሁለተኛው ድካም ይጨምራል።

ልምምድ ቢቀር ምን ይመጣል የሚል ካለ ከዚያው ሠፈር ምሳሌ አለ። ከስታርደስት 16 ወር ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2004፣ ከፀሐይ የሚነፍሰውን ቅንጣት ሰብስባ የመጣች ጄነሲስ የምትባል መንኮራኩር ነበረች። ፓራሹቷ አልተከፈተም፤ ካፕሱሏ እዚያው ዩታ መሬቱን ገጭታ ተሰባበረች። ምክንያቱ ሲጣራ ፓራሹቱን የሚያስከፍቱት ትናንሽ ማብሪያዎች ተገልብጠው ተገጥመው ነበር። መሬት ላይ ሊያሳይ የሚችል ፍተሻ ነበር፤ ታለፈ። የቀረች አንዲት ልምምድ ናት።

የእኛ ጠመንጃ

እኛ ሃይድሮጅን የለንም፤ ባሩዱም ይቅርብን። የእኛ ጠመንጃ የእስክሪብቶ ቀፎ ነው። ክፍል ውስጥ ወረቀት አኝከን የጓደኛን ማጅራት የምንመታበት ያ ባለውለታ! ለኤሮጄሉ ምትክ ጄላቲን መረጥን። ብናኙ ሲገባበት ያቆመዋል፣ በውስጡም ያሳያል።

የመጀመሪያው ቀን ከሱቅ የገዛነውን ቀይ ጄሎ ነበር ያዘጋጀነው። ጄሎው አማረ፣ ረጋ። እኛ ስለ ጅራታም ኮከብ ሃያ ደቂቃ ንግግር አድርገን ዘወር ስንል፣ ሁለት ልጆች ከነብናኙ በልተውታል። ናሙናው ጠፋ። «ቲቸር፣ ጣፋጭ ነው፤ አሸዋ አለበት እንጂ» አሉን። ይህ በሳይንስ ታሪክ የመጀመሪያው የተበላ ኮሜት ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ቀን ስኳርም ቀለምም የሌለው ነጭ ጄላቲን ከአንድ ኬክ ቤት ለምነን አመጣን። ሌሊቱን መብራት ጠፋ። ጠዋት ፍሪጁን ስንከፍት ሾርባ ጠበቀን።

ሦስተኛው ቀን ተሳካ። ድስቷን ከእማማ ተዋስን። እማማ አሞራ ገደል ከሚገባው ዓሣ ገዝተው፣ በር ላይ ጠብሰው የሚሸጡ የግቢያችን ባለቤት ናቸው። «ለምን ፈለጋችኋት?» አሉን። «ለኮከብ» አልናቸው። «እንግዲህ እንዳታሳርሯት» ብለው ሰጡን። ጄላቲኑን አቅልጠን በአምስት ሳህን ገለበጥን። አራቱን ለሙከራ ወሰድን፤ አምስተኛው ተርፎ ፍሪጅ ውስጥ ቀረ። ይህችን አምስተኛ ሳህን አስታውሷት።

ብናኞቻችን አራት ነበሩ። የተፈጨ ባልጩት፣ ቀይ ገረጋንቲ፣ ከሰልና የእንቁላል ቅርፊት። ልጆቹን ሁለት ቡድን አደረግናቸው። የመጀመሪያው ቡድን አንድ ሙሉ ቀን ተለማመደ። እያንዳንዱን ብናኝ ለየብቻው፣ ከአንድ ክንድ ርቀት እየነፉ፣ ምን እንደሚመስል ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ባልጩት ያብለጨልጫል፣ ጠርዙ ስለት ነው። ከገረጋንቲው አንዳንዱ ከተበላሸ ስፒከር በነቀልነው ማግኔት ይሳባል። ከሰል ሲጫኑት ያጠቁራል። የእንቁላል ቅርፊት ሎሚ ጠብ ሲልበት አረፋ ያወጣል። ሁለተኛው ቡድን ምንም ልምምድ አልተሰጠውም። በማግስቱ አራቱንም ደባልቀን፣ ልጆቹ ሳያዩን ሁለት ሳህን ላይ ነፋንና ለየቡድኑ አንድ አንድ ሰጠን።

ያልተለማመዱት በአሥር ደቂቃ ወርቅ አገኙ። ከዚያ አልማዝ። ከዚያ «የጠፈር ነፍሳት እንቁላል»። ደስታቸው ግቢውን አናወጠው። የተለማመዱት ደግሞ ዝም ብለው ይጽፋሉ፤ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ እያቀላቀሉ ይከራከራሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራቱንም አወቋቸው። እኛም ኮራን። ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍነው ነበር።

«ታቦር 1»

አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ ከተለማመዱት ወገን፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል «ይኼ ከአራቱም አይደለም» አለ። አጎንብሰን በአጉሊ መነጽር አየን። እውነቱን ነው። ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ ውሃ የመሰለ፣ ላዩ ላይ ክብ ክብ መስመር ያለበት ቁራጭ። ማግኔት አይስበውም። ሎሚ አረፋ አያስወጣውም። አያጠቁርም። እኛ አልጨመርነውም!

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ነግረናቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 የካሊፎርኒያ ሰዎች ስታርደስት በሌላው የሰፌዷ ገጽ የሰበሰበችውን፣ ከኮሜቱ ሳይሆን ከሌሎች ከዋክብት የመጣ የሚባለውን ብናኝ ለመፈለግ የኤሮጄሉን ፎቶ በኢንተርኔት ለቀቁት። በሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው ፎቶ በፎቶ ፈተሹ። ለመሳተፍ ቀድሞ ፈተና ማለፍ ያስፈልግ ነበር፤ እነሱም ጋ ልምምድ ይቀድማል። ላገኘ ሰው ሽልማቱ ለቅንጣቱ ስም ማውጣትና በሳይንሳዊው ጽሑፍ ላይ ስሙ አብሮ መጻፍ ነበር። አንድ ካናዳዊ ያገኘውን ኦሪዮን አለው። ልጁ ይህን ሰምቷል። ስለዚህ ቀና ብሎ «ታቦር 1 ብየዋለሁ» አለን። ታቦር ተራራን ሐዋሳን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ከአራታችን አንዱ (ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ሁላችንም ነን) «ምን ይታወቃል፣ እውነተኛ የጠፈር ብናኝም ሊሆን ይችላል፤ በየቀኑ ከሰማይ ይወርዳል» አለ። ውሸት አይደለም፣ ይወርዳል። ግን ለምን እንዳልነው እናውቃለን። የልጁ ፊት በራ። ሌሎቹ ስልክ አውጥተው ፎቶ አነሡ። አንዱ አባቱ ጋ ደወለ። እኛም ዝም አልን። 9.76 ብለን የጻፍን ዕለት ዝም ያልነውን ዝምታ ነው። ደስ የሚል ነገር ሲገኝ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ያቺ ስለ ቤተ ሙከራ የጠየቀችን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ፎቶ አላነሣችም። «ቲቸር» አለች፣ «ያልተነፋበት ሳህን አለ አይደል? እሱን ማየት ይቻላል?»

አምስተኛው ሳህን! ከፍሪጅ ወጣ። ማንም ያልነፋበት፣ ማንም ያልነካው። አጉሊ መነጽሩን እሷው ያዘች። ግቢው ጸጥ አለ። «እዚህም አለ» አለች። «ሁለት ነው።»

ድስቷን ለመመለስ ስንሄድ ለእማማ አሳየናቸው። ገና መነጽሩን ሳይነኩት «ይኼማ የቆሮሶ ቅርፊት ነው» አሉ። ድስቷ! ጄላቲኑን ያቀለጥንባት ድስት! «ደህና አድርጌ ያጠብኳትን» ብለው ትንሽ ተቀየሙን፤ ቀጥለው ግን «ታዲያ ሐዋሳ ውስጥ ቅርፊት የሌለበት ድስት ከየት ልታመጡ ኖሯል?» አሉ። የዓመቱ ምርጥ የሳይንስ ንግግር ብለን መዝግበነዋል።

ምስክር

ቤታችን ገብተን ስናነብ ያፈርነውም የተጽናናነውም እኩል ነው። ለካ ይህ በእነሱም ደርሷል! ስታርደስት ይዛ በመጣችው ውስጥ ግላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ተገኘ። አሚኖ አሲድ ማለት የሕይወት ጡብ ነው፤ በአካላችን ያለው ፕሮቲን ሁሉ የሚገነባው በአሚኖ አሲዶች ነው። ጅራታም ኮከብ ላይ ተገኘ ማለት ትልቅ ዜና ነው። ግን ናሙናው ውስጥ ከናይለን የመጣ ብክለትም ነበር፤ የተያዘበት ከረጢት ናይለን ነበራ! የእነሱ የዓሣ ድስት መሆኑ ነው። ታዲያ ግላይሲኑ ከኮሜቱ ነው ወይስ ከቤት? ሰዎቹ ዜናውን ለማውጣት አልቸኮሉም። የካርቦኑን ዓይነት እስኪለኩ ዓመታት ፈጀባቸው። ካርቦን 13 የሚባለው ከባዱ ዓይነት በምድር ከተለመደው በዝቶ ሲያገኙት ነው እ.ኤ.አ. በ2009 «ይህ ከሰማይ ነው» ያሉት።

ስለ ሌላው ገጽ የነገርናችሁም እንዲሁ ነው። በ2006 የተጀመረው ፍለጋ ውጤቱ የታተመው በ2014 ነው። ሰባት ቅንጣቶች ብቻ፤ እሱም «ሳይሆኑ አይቀሩም» በሚል ጥንቃቄ።

ሌላም አነበብን። ስታርደስት ላይ የኮሜቱ ብናኝ እንዳይደርስበት ሆኖ የተቀመጠ ትርፍ የኤሮጄል ቁራጭ ነበር። ሥራው ምንም አለማጥመድ ነው። አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይመለሳል፤ በእሱ ላይ የተገኘ ነገር ሁሉ ከመንኮራኩሯ ከራሷ የመጣ ነው ማለት ነው። ስሙ ምን ቢባል ጥሩ ነው? ምስክር! ያቺ ልጅ ማንም ሳይነግራት የጠራችው ይህንን ምስክር ነው።

ከሰማይ የመጣው ግን ትዕግሥታቸውን ክሷቸዋል። በዚያ ከአንድ ሚሊግራም በማይበልጥ አቧራ ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ብቻ ሊሠሩ የሚችሉ ማዕድናት ተገኙ። በፀሐይ አጠገብ በእሳት የተሠራ ነገር፣ ከፀሐይ እጅግ ርቆ በተሠራ በረዶ ሆድ ውስጥ! ሲጀመር ከዳር እስከ ዳር ተማስሎ ነበር ማለት ነው። ይህን ብዙዎቹ አልጠበቁትም። ያልጠበቁትን ያመኑት ደግሞ የሚጠበቀውንና የራሳቸውን ቆሻሻ ቀድመው ለይተው ስለሚያውቁ ነው።

የአንዱ ተማሪ አባት «ዳቦው ሳይሞላ ምን ኮከብ ነው?» ብለውናል። ጥያቄያቸውን አናቃልልም። ሀገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያ ሳተላይቷን ስታስወነጭፍም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። እኛ የመለስንላቸው እንዲህ ነው። ልጅዎ ነገ የጤና ጣቢያ የደም ምርመራ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ የሐይቁን ውሃ ሊመረምር ይችላል፤ መድኃኒት ሊፈትሽ ይችላል። ያኔ ከታማሚው የመጣውን ከብልቃጡ ከመጣው የሚለይ ሰው ይሁን ወይስ 9.76 ብሎ የሚጽፍ? አባትየው አላመኑንም፤ ግን ልጁን አላስቀሩብንም።

ስለ ታቦር 1 ባለቤት ሳንነግራችሁ አንጨርስም። እውነቱ ሲታወቅ ሌሎቹ ሳቁበት፤ «የኮከብ ዓሣ» አሉት። ይቀራል ብለን ፈራን። በማግስቱ መጣ። ደብተሩን ገልጦ አሳየን። በራሱ እጅ፣ «ታቦር 1፦ የቆሮሶ ቅርፊት ነው። ከድስቱ የመጣ። ምስክሩ ሳህን ላይም ተገኝቷል» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ አስምሮበታል። አልሰረዘውም፤ ስሙንም አልነጠቀውም።

እኛ ዲግሪ የጫንን ሰዎች እንደዚያ ያለ አንድ መስመር ጽፈን አናውቅም።

በዚያው ምሽት አራታችን ፊዚክስ አስተማሪው ቤት ተሰበሰብን። ሚስማር መታን፣ ገመድ አሠርን፣ ድንጋይ አንጠለጠልን። በስልክ ሰዓት ሃያ ሃያ ውዝዋዜ እየቆጠርን፣ እየተነታረክን፣ ገመዱን በሜትር እየለካን አደርን ማለት ይቻላል። 9.4 መጣ። እንደገና ቆጠርን። 9.4። አንዱ «ገመዱን ስንለካ ቋጠሮውን ረስተን ይሆናል» አለ። ይሆናል፤ ነገ እናየዋለን። ለጊዜው ግን 9.4 ብለን ጻፍን።

ባጃጅ ሾፌሩ ሆይ፣ ያወጣነው ይኸው ነው። ቸር ይግጠመን።